ጃንጥላው በማን ዕንባ ተገዛ? ስለ አራጣና ስለ ዝምታችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ጽሑፍ ለአንዳንዶቻችን የሚከብድ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለጸሐፊው ከብዶታል። ስለ አራጣ ነው። «አራጣ ኃጢአት ነው» ማለቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥያቄዬ፣ እያወቅን ለምን ዝም አልን? የሚል ነው።

በራሴ ልጀምር። ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር ደብራችን በተመለስኩበት ወቅት፣ በአጥቢያው የተከበሩ አንድ ሰው ከአንድ ገበሬ ጋር ሆነው ጠሩኝ። «ዲያቆን፣ ያንተ ጽሕፈት ይነበባል፤ ይህችን ውል ጻፍልን» አሉኝ። የገበሬው በሬ ሞቷል፤ የማዳበሪያው መክፈያ ቀን ደርሷል። የሚቀበለው ገንዘብ 20,000 ብር ነው። በውሉ ላይ እንድጽፍ የታዘዝኩት ግን «30,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሬያለሁ፤ በስድስት ወር እመልሳለሁ» የሚል ነበር። ጻፍኩት። ምስክሮች ፈረሙ፤ ገበሬው ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ሐሰት የጻፈው የእኔ እጅ ነው፤ በዚያው ሳምንት እሑድ ደግሞ በቅዳሴው ጽና ይዤ ቆሜያለሁ።

ጥቂት ወራት አልፈው የደብሩ ክብረ በዓል ሲደርስ፣ እኒያው አበዳሪ ለታቦቱ ጃንጥላ ገዝተው አበረከቱ። ስማቸው በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ እኛም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በእልልታና በጭብጨባ ተቀበልን። ገበሬው ከዛፍ ሥር ቆሞ ያይ ነበር። ወገኖቼ፣ ያን ጃንጥላ የገዛው ማን ነው?

አራጣ በገጠራችን ምን ዓይነት መልክ አለው?

አራጣ ሁልጊዜ «አራጣ» ተብሎ አይጠራም። በብዙ መልክ ይመጣል፤ መልኩን ካላወቅን ደግሞ ልንቃወመው አንችልም።

የመጀመሪያው አሁን የነገርኳችሁ ነው፤ ወለዱ ከዋናው ገንዘብ ጋር ተደምሮ እንደ ዋና ገንዘብ ይጻፋል። ሁለተኛው በየወሩ «ከመቶ ዐሥር» የሚባለው ነው። ስሌቱን ልብ በሉ፤ 10,000 ብር የተበደረ ሰው በየወሩ 1,000 ብር ይከፍላል፤ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ከተበደረው በላይ ከፍሎም ዋናው 10,000 ብር እንዳለ ይጠብቀዋል። ሦስተኛው የእህል አራጣ ነው። በነሐሴ ጎተራው በባዶ ሲቀር አንድ ኩንታል ይወስዳል፤ አዝመራው ሲገባ አንድ ኩንታል ተኩል፣ ከዚያም አልፎ ሁለት ይመልሳል። ወይም በክረምት ብር ይወስድና አበዳሪው አስቀድሞ በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ እህሉን ከአውድማው ላይ ያስረክባል። አራተኛው ወለድ አገድ ነው። አበዳሪው በወለዱ ፈንታ የተበዳሪውን መሬት ያርሳል፤ ዋናው ዕዳ ግን አንድ ብር እንኳ አይቀንስም። መሬቱ በሌላ እጅ ሳለ ባለ መሬቱ ዕዳውን የሚከፍልበትን እህል ከየት ያመጣል?

«የእህሉ ብድር የገንዘብ ስላልሆነ አራጣ አይባልም» የሚሉ አሉ። ኦሪት ዘሌዋውያን 25፥36-37ን ያንብቡ፤ በዚያ ገንዘብም እህልም በአንድነት ተጠቅሰዋል። ለደኸየ ወንድም ብር በወለድ፣ እህልም በትርፍ እንዳይሰጥ እግዚአብሔር አዝዟል። ዘፀአት 22፥25 እና ዘዳግም 23፥19ም ይህንኑ ያጸናሉ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 አራጣን ከዝርፊያና ድሃን ከማስጨነቅ ጋር አንድ ላይ ይቆጥረዋል። ዳዊትም በመዝሙር 14 በእግዚአብሔር ድንኳን ማን ያድራል ብሎ ጠይቆ፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን ሰው ከሚያድሩት መካከል ይቆጥረዋል።

እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ከደነገጓቸው 20 ቀኖናዎች 17ኛው አራጣ የሚቀበል ካህን ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛል። ትኩረት ስጡት፤ ቀኖናው የተነገረው ለእኛ ለመቅደሱ አገልጋዮች ነው። ሊቃውንቱ ንጽሕናውን ከመቅደሱ ጀመሩት።

ሰበቦቻችን

እውነቱን ስንናገር የምንሰማቸውን መልሶች አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

1. «ተበዳሪው ወዶ ነው የፈረመው፤ ማን አስገደደው?» ዔሳውም ብኵርናውን በምስር ወጥ ሲሸጥ ወዶ ነበር (ዘፍ 25፥29-34)። የተራበ ሰው «እሺ» ሲል አፉን የሚያናግረው ረኀቡ ነው። ልጁ ታሞበት በሌሊት በር የሚያንኳኳ አባት ስለ ወለድ ለመከራከር አቅም የለውም። የአራጣ ኃጢአቱም እዚህ ላይ ነው፤ የሰውን ጭንቅ ጊዜ መጠበቅና በጭንቁ ልክ ዋጋ መቍረጥ።

2. «ጌታ ራሱ በመክሊቱ ምሳሌ ገንዘብን ከነወለዱ መቀበልን ጠቅሷል» (ማቴ 25፥27)። ጌታ በሌላ ቦታ የራሱን መምጣት በሌሊት ከሚመጣ ሌባ ጋር አመሳስሏል፤ በዚህ ግን ስርቆትን አልፈቀደም። ምሳሌ የተነገረበት ዓላማ አለው፤ የመክሊቱ ምሳሌ ዓላማ የተሰጠንን ጸጋ እንዳንቀብር ነው። ስለ ብድር ቀጥተኛ ትእዛዙን ለሚፈልግ ሉቃስ 6፥34-35 አለለት፤ በዚያ ምንም ተስፋ ሳናደርግ እንድናበድር አዝዞናል።

3. «ባንክም ወለድ ይወስዳል፤ ሕግም ይፈቅዳል።» ለንግድ ስለሚወሰድ የባንክ ብድር የሚነሣውን ጥያቄ ለመምህራን እተወዋለሁ፤ እኔ የምናገረው በጭንቅ ላይ ስላለ ድሃ ነው። ሆኖም ሕጉን ለጠቀሰ ሰው ሕጉን እንጥቀስለት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ተዋዋዮች ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። እኔ በጻፍኩት ውል በ20,000 ብር ላይ ሕጉ ለስድስት ወር የሚፈቅደው ከፍተኛ ወለድ 1,200 ብር ነበር፤ የተጠየቀው 10,000 ብር ነው። እንግዲህ በሕግ መከለያ ሥር መደበቅ አይቻልም።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ። በነህምያ ዘመን ሕዝቡ በረኀብ ምክንያት እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ሲጮኹ፣ ነህምያ ተቈጥቶ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰበ፤ አበዳሪዎቹም እርሻውንና ከመቶ አንዱን እንዲመልሱ አደረገ (ነህ 5፥1-13)። ብዙ ተርጓሚዎች ይህ ከመቶ አንድ በየወሩ የሚከፈል እንደ ነበር ይናገራሉ። ይህም በዓመት 12 በመቶ ነው። የሀገራችን ሕግ እንደ ጣሪያ ያስቀመጠውን ልክ ነህምያ «መልሱ» ያለው ነው። ከመቶ ዐሥሩን ቢያይ ምን ይል ነበር?

4. «እርሱም ባያበድር ኖሮ ማን ያበድራቸው ነበር?» ከሰበቦቹ ሁሉ እውነት ያለበት ይህ ነው። በዚህ ጥያቄ የሚከሰሰው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እኛ ነን። አራጣ አበዳሪው የቆመው እኛ ባዶ በተውነው ቦታ ላይ ነው።

ስለ ተበዳሪው ደግሞ

ነገሩ በአበዳሪው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በ14ኛው መዝሙር ላይ አራጣን በተቃወመበት ድርሳኑ ተበዳሪውንም ይገሥጻል፤ ጉንዳንና ንብ ሳይበደሩ እንደሚኖሩ እያስታወሰ፣ እጅና ጥበብ ያለው ሰው ለማያስፈልገው ነገር ወደ ዕዳ እንዳይሮጥ ይመክራል።

እኛ ለምን እንበደራለን? ለዘር፣ ለበሬ፣ ለሕክምና ከሆነ ችግር ነው። ነገር ግን በአራጣ ተበድሮ ሰርግ የሚደግስ፣ በአራጣ ተበድሮ ተዝካር የሚያወጣ ስንት አለ? ተዝካር ጸሎት፣ ቍርባንና ለድሆች የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ መሬቷን በወለድ አገድ ሰጥታ የምትደግስ መበለት ከማዕዷ ላይ የምንቀመጠው እኛ ነን፤ ካህናትና ዲያቆናት። «እናቴ፣ በአቅምሽ ይበቃል፤ ጸሎቱን እኛ እናደርሳለን» ያልናት ማናችን ነን? ተበድሮ መክፈል እየቻለ የሚክደውንም መጽሐፍ ኃጢአተኛ ይለዋል (መዝ 36፥21)። በቅንነት ያበደረውን ሰው የሚያሳድድና የሚያስመርር ተበዳሪ ለነገው ችግረኛ በሩን ይዘጋበታል።

እንግዲህ ወዴት እንሂድ?

መገሠጽ ብቻውን የማንንም ጎተራ አይሞላምና፣ ስለ ፍትሐዊ ብድር ጥቂት ልበል።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። በውሉ የተጻፈው ገንዘብ በእጄ ከተቀበልኩት ጋር አንድ ነው? ወለድ ካለ በዓመት ስንት ይሆናል? ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ላይ? የውሉ ቅጂ ለእኔም ይሰጠኛል? ስከፍል ደረሰኝ አገኛለሁ? ለአንዱ እንኳ «አይሆንም» ከተባላችሁ ተነሡ፤ ሂዱ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም ሆነ ክፍያው በሕግ ፊት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ነውና (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472)፣ «እንተማመናለን» ተብላችሁ ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ።

ወደ ግለሰብ አበዳሪ ከመሄዳችሁ በፊት በቀበሌያችሁ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር መኖሩን አጣሩ። የማኅበሩ ባለቤቶች አባላቱ ናቸው፤ ከወለዱ የሚገኘው ትርፍም ወደ አባላቱ ይመለሳል። እንደ ቀድሞው አብቁተ፣ እንደ ዛሬው ጸደይ ባንክ ያሉትም ለገጠር ሰው ያበድራሉ። ወለድ አላቸው፤ ግን ወለዱ የታወቀ ነው፤ በስውር ከዋናው ጋር አይደመርም። እቁብም ያለ ወለድ የቆየ የአባቶች ጥበብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የእኛ ደጅ መንኳኳት ነበረበት። ጽዋ ማኅበር አለን፤ ሰንበቴ አለን፤ እድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ በሬው ሲሞት ግን ማን ይደርስለታል? አስቡት፤ 60 አባላት በየወሩ 50 ብር ቢያስቀምጡ 3,000 ብር፣ በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። ይህ ያለ ወለድ በሰኔ ለማዳበሪያና ለዘር ቢሰጥ፣ በጥር ተመልሶ ለሚቀጥለው ዓመት ሌሎችን ይረዳል። የሰበካ ጉባኤው ይቈጣጠረው፤ ተቀባዩም ከፋዩም በደረሰኝ ይሁን፤ እየሰፋ ሲሄድ በወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። የጃንጥላ መግዣ ስናዋጣ የማይከብደን ለዚህ ለምን ይከብደናል?

በኤልሳዕ ዘመን የነበረችውን መበለት አስታውሱ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቶባት ነበር (2ኛ ነገ 4፥1-7)። እግዚአብሔር ዘይቱን አበዛላት፤ ነገር ግን ዘይቱ የተቀዳው ጎረቤቶቿ ባዋሷት ባዶ ማድጋ ነው። ማድጋው ሲያልቅ ዘይቱም ቆመ። ጎረቤቶቿ ወለድ አልጠየቋትም። የእግዚአብሔር ተአምር ዛሬም የእኛን ማድጋ ይጠብቃል።

ለአገልጋዮች

ለእናንተ ለአገልጋይ ወንድሞቼ፣ ከሁሉ በፊት ለራሴ የምለው አለ። የሐሰት ውል አንጻፍ፤ ምስክርም አንሁን። በአራጣ የሚታወቅ ሰው ስጦታ ሲያመጣ ከማጨብጨባችን በፊት በፍቅር፣ በስውር፣ በንስሐ አባቱ በኩል እንምከረው። ቤተ ክርስቲያን አራጣ አበዳሪውንም ትፈልገዋለች፤ ዘኬዎስን ጌታ ከዛፉ ጠርቶ በቤቱ አድሯል። ዘኬዎስ ግን ያቀረበው ጃንጥላ አልነበረም፤ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ነው የተናገረው (ሉቃ 19፥8)። በዚያን ጊዜ መዳን ለቤቱ ሆነ።

እኔም ወደ ንስሐ አባቴ ሄጃለሁ። የተሰጠኝን ቀኖና እዚህ አልጽፈውም፤ አንዱን ክፍል ግን ልንገራችሁ፤ ወደ እኒያ ሰው ሄጄ በዚያ ውል ላይ የጻፍኩት ሐሰት መሆኑን ፊት ለፊት እንድነግራቸው ነው። ሄድኩ፤ ነገርኳቸው። ተቈጥተው አስወጡኝ። ውሉም እስከ ዛሬ አልተቀደደም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ስለ እርሳቸውም፣ ስለ ገበሬውም፣ ስለ እኔም ጸልዩ። ከጸሎቱም በኋላ በሚመጣው እሑድ በጉባኤያችን የብድር ሣጥኑን ጉዳይ እናንሣ።

አምላከ ነህምያ ልባችንን ያራራልን፤ ቤተ ክርስቲያናችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።