ስለ ነቀርሳ ሕሙማን ናሙና ለጤና ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበረው የጤና ሚኒስቴር፤
አዲስ አበባ።

ነቀርሳ በቀዶ ጥገና የወጣለት ሕመምተኛ፣ ስለሚቀጥለው ሕክምና ሌላ ሐኪም ለማማከር በፈለገ ጊዜ የሚገጥመውን እንቅፋት የሚያስወግድ ትእዛዝ ሚኒስቴሩ እንዲያወጣ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

ታላቅ እኅቴ ጡቷ ከብብቷ ንፍፊት ጋር በቀዶ ጥገና በወጣ ጊዜ፣ ስሙን ልጠራው የማልሻ ሆስፒታል የሰጣት ወረቀት ካንሰር መሆኑን ከመናገር በቀር፣ የዕጢውን ስፋት፣ ከተመረመሩት ንፍፊቶች ስንቱ እንደ ተነካ፣ የተቆረጠበትም ጠርዝ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን አይገልጽም ነበር። ሌላ ስፔሻሊስት ዘንድ ብትቀርብ «በዚህ ወረቀት ልፈርድ አልችልም፤ ብሎኩን ያምጡልኝ» አላት፤ ወደ ፊተኛው ሆስፒታል ተመልሳ ብትለምን ግን ናሙናው የሆስፒታሉ ንብረት እንደ ሆነ ተነገራት፤ ባከማት ሐኪም ላይ እምነት በማጣቷም ተወቀሰች። በመጨረሻ ብሎኩ የተገኘው በውስጥ የሚያውቀን ሰው ስለ ነበረ ነው። የሚያውቀው ሰው የሌለውስ ምን ይሁን?

ከሰውነት የወጣ ዕጢ በፎርማሊን ተነክሮ በፓራፊን ሰም ውስጥ ታትሞ ብሎክ የሚባለው ከሆነ በኋላ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕ እጅ 4 እጅ ያህል ሳስቶ እየተቆረጠ፣ ስላይድ በሚባል መስተዋት ላይ ሆኖ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ሲሆን፣ ሰሙ በአግባቡ ከተቀመጠ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ስለማይበላሽ፣ ሌላ የፓቶሎጂ ሊቅ ከዚያው ቆርጦ በገዛ ዓይኑ ሊመረምረው፣ የኢስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮንና የሄር-ቱ ተቀባዮችንም ሊፈትንበት ይችላል። የዚህም ፈተና ፍሬ በሕሙማኑ ሕይወት ላይ የሚታይ ነው፤ የሆርሞን ተቀባይ የተገኘባት ሴት ታሞክሲፈን የተባለውን ክኒን ለ5 ዓመት ብትወስድ በሽታው የመመለሱ ዕድል ይቀንስላታል፤ ተቀባዩ የሌለባት ግን የመድኃኒቱን ጉዳት እንጂ ጥቅሙን አታገኝምና።

ስለ ወሰን የተከራከረ ገበሬ ይግባኝ ሲል የፍርዱ ግልባጭ ይሰጠዋል፤ የሥር ዳኛውም ተዋረድኩ ብሎ አይቀየመውም። ስለ ነፍሷ የምትጨነቅ ሴት ከዚህ ያነሰ መብት ሊኖራት አይገባም።

ሆስፒታሎቹ ብሎኩ እንዳይጠፋ መሥጋታቸው እውነት ነው፤ የፓቶሎጂ ባለሙያዎቻችንም ጥቂቶች፣ ሥራቸውም የበዛ መሆኑን አልዘነጋሁም። ነገር ግን ብሎኩን በፊርማ ማዋስ ወይም ተጨማሪ ስላይድ ቆርጦ መስጠት ሥጋቱን ያስታግሠዋል። ጊዜውም አጭር ነው፤ ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ የሚሰጠው ኬሞ ከ3 ወር በላይ ቢዘገይ ይጎዳልና፣ ሕመምተኛይቱ በካርድ ክፍል ደጃፍ የምታባክነው ሳምንት ከሕክምናዋ የሚቀነስ ነው።

ስለዚህ የተሟላው የፓቶሎጂ ውጤትና የቀዶ ጥገናው ማስታወሻ ሳይጠየቅ ለሕመምተኛው እንዲሰጥ፤ ብሎኩ ወይም ስላይዱ በተጠየቀ በተወሰነ ቀን ውስጥ በፊርማ እንዲወጣ፤ ሌላ ሐኪም ማማከርም የሕመምተኛው መብት መሆኑ በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ይህም በመንግሥትና በግል ሆስፒታሎች ሁሉ እኩል እንዲጸና ሚኒስቴሩ እንዲያዝልን እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
የአንዲት ሕመምተኛ ወንድም