የታመመ ልጅ ቀጠሮ እስከ ዒድ አይቆይም

ረመዳን ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገባ መስጂዶቻችን ተዘግተው ነበርና ተራዊሕን በየቤታችን ሰግደናል። የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30 ነው። ቫይረሱ በሕፃናት ላይ እንደ አረጋውያን አይበረታም ሲባል ብዙዎቻችን እፎይ ብለናል። በጽኑ የታመመ ልጅ ላለበት ቤት ግን ወረርሽኙ የመጣው በሌላ በር ነበር፤ መንገዱንና ቀጠሮውን ቆረጠበት።

መካነ ሰላምን እንመልከት። ከቦረና ወረዳ የተነሳ ሕመምተኛ በአቀስታ አድርጎ ደሴ ይወርዳል፤ ከበረታበትም አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል። በ2012 ዓ.ም. መኪናው በግማሽ ነበር የሚጭነው፤ ዋጋውም ጨምሮ ነበር። ከተማ ያለው ዘመድም እንግዳ መቀበል ይፈራ ነበር። ስለዚህ ወላጅ «ከዒድ በኋላ እንሄዳለን» ቢል አይፈረድበትም ነበር።

ሕመሙ ግን ዒድን አይጠብቅም። የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ሕክምና ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ሊያገረሽ ይችላል። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ልጅ ሲያተኩሰው ደግሞ ቤት ማሳደር አደገኛ ነው። የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ስለሆነ ትኩሳቱ የዚያኑ ሰዓት በሐኪም መታየት አለበት። የልብ ቀዶ ሕክምና ይጠብቁ የነበሩ ልጆችም፣ ከውጭ የሚመጡት የሐኪሞች ቡድኖች ጉዞ በመቋረጡ፣ ወረፋቸው ረዝሞ ነበር።

ሁሉም ሕክምና ግን አዲስ አበባ ድረስ አያስኬድም። ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም ያለበት ልጅ በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን በቅርብ ጤና ተቋም ሊሰጥ ይችላል። ቀጠሮው ሳያልፍ የሕክምና ወረቀቱን ይዞ መካነ ሰላም ሆስፒታል መጠየቅ፣ የሚከታተለው ሐኪም ዘንድም ስልክ መደወል ይገባል። ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ያላቸውም መድኃኒቱ ሳያልቅ አስቀድመው ይጠይቁ።

የቀረው የጎረቤት ድርሻ ነው። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ድሃውና በመንገድ ላይ ስንቅ ያለቀበት ሰው ይገኙበታል። በ2012 ዓ.ም. ሰብስበን ማስፈጠር አልቻልንም ነበር፤ ለማስፈጠር የምናስበውን ገንዘብ ለአንድ የታመመ ልጅ መሳፈሪያና ማደሪያ ብናውለው ከምንዳው አንጎድልም። በዚያ ዓመት ስንጠይቃቸውም ከደጅ ሆነን ወይም በስልክ መሆን ነበረበት፤ አቅሙ የደከመ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ያኔ ወዳጅነት አልነበረም። ዱዓችን ከመሳፈሪያው ጋር ይድረሳቸው።