ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል ሸክም እንዳይሆን

ለወጣት ቋንቋ መጨመር መንገድ መጨመር ነው። በአገራችን ተማሪ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሒሳቡንም፣ የፊዚክሱንም፣ የታሪኩንም መጽሐፍ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም ያለዚህ ቋንቋ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ደግሞ የውሉና የጥናቱ ጽሑፍ፣ ከውጭ ድርጅት የሚመጣውም ደብዳቤ የሚጠብቀው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን ከተራው ቃል አልፈው ከፍ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ለማወቅ መድከማቸው የሚያስመሰግናቸው እንጂ የሚያስነቅፋቸው አይደለም። እኛ ዛሬ ልናመለክት የምንወደው፣ ቃሉ ለምን እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚያዝ ነው።

በሐረርም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን የተለመደ አንድ የአጠናን ልማድ አለ። ፈተና ሲቃረብ ተማሪው ከመዝገበ ቃላት መቶ ከባድ ቃል ይመርጣል፤ በደብተሩ ላይ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍች ይጽፋል፤ ሌሊቱን ሙሉም ሲያነበንብ ያድራል። በሳምንቱ ቢጠየቅ ግን አብዛኛው ቃል ከራሱ ጠፍቷል። ሌላው ልማድ ከዚህ ይከፋል፤ እርሱም ቃልን በክብደቱ መውደድ ነው። ሰሚው የማያውቀው ቃል ክብር የሚጨምርለት የሚመስለው ሰው፣ «ሄልፕ» የሚለው ቀላል ቃል በሚበቃበት ስፍራ «ፋሲሊቴት» የሚለውን ያነሣል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፤ ፊተኛው መርዳት፣ ኋለኛው ነገር እንዲቃና ማመቻቸት ነው።

ነገሩ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሣቅ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ውስጥ ቃል ገንዘብን ያንቀሳቅሳል፤ የባለጉዳይንም ጉዳይ ይፈጽማል ወይም ያሰናክላል። «ሳንክሽን» የሚለውን ቃል እንመልከት፤ በአንድ በኩል መፍቀድና ማጽደቅ፣ በሌላ በኩል መቅጣትና ማገድ ማለት ነው። «ኦቨርሳይት»ም እንዲሁ በአንድ ስፍራ የበላይ ቁጥጥር፣ በሌላ ስፍራ ሳይታይ ያለፈ ስሕተት ይሆናል። አንድን ጉዳይ «ቴብል» ማድረግ በእንግሊዞች ዘንድ ለውይይት ማቅረብ ሲሆን፣ በአሜሪካኖች ዘንድ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው። በደብተሩ ለእያንዳንዱ ቃል አንዲት ፍች ብቻ ያጠና ወጣት ሹም፣ የተፈቀደለትን ነጋዴ እንደ ተቀጣ፣ ለስብሰባ የቀረበውንም ጉዳይ እንደ ተላለፈ አድርጎ ቢተረጉም፣ ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን በደጅ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ነው።

መልካሙን የአጠናን ዘዴ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሐረር ራስዋ ትምህርት ቤት ናት። የጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ስማቸውም እንደ ተናጋሪው ይለያያል። አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር የሚለውን ሐረሪው አስማዲን በሪ ይለዋል፤ ኤረር በር የሚባለውም አርጎብ በሪ ነው። የከተማው ልጅ ግን በሩን አይስትም፤ ለማን የትኛውን ስም መጥራት እንዳለበትም ያውቃል። በገበያ ስፍራ አንዲት ሻጭ ከገጠር ከመጣው ገበሬ ጋር በኦሮምኛ ተዋውላ፣ ከጎረቤትዋ ጋር በሐረሪ ተጨዋውታ፣ ለመንገደኛው በአማርኛ ዋጋ ስትነግር ብትታይ የሚደነቅ ሰው የለም። ይህች ሴት የቃላት ዝርዝር ተሰጥቷት ያጠናች አይደለችም፤ ቃሉን ከዕቃው፣ ከዋጋውና ከሰውየው ጋር አንድ ላይ ስለ ያዘችው አልጠፋባትም። ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሠሩበትን መንገድ ሕዝቡ «መኪና ግርግር» ብሎ መሰየሙም ይህንኑ ያስረዳል። ከባሕር ማዶ የመጣው «መኪና» የሚለው ቃል ከስፌቱ ድምፅ ጋር ተጋብቶ የሰፈር ስም ሆነ፤ ማንም ሳያጠናው ሁሉም ያውቀዋል።

ከዚህችው ከተማ ጋር ስሙ የተያያዘ አንድ እንግሊዛዊም ምስክር ይሆነናል። ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1855 በጃንዋሪ ወር፣ ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆየ፤ በተከታዩ ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ መጨረሻም የሐረሪን ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አስገባ። ከሃያ በላይ ቋንቋ ያውቅ እንደ ነበር የሚነገርለት ይህ ሰው፣ ስለ አጠናኑ ያስረዳው ዘዴ ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው። በጣም አስፈላጊ የሆኑትን ቃላት ብቻ ይመርጣል፤ በኪሱ ይዞ እየዞረ ትርፍ ጊዜ ባገኘ ቁጥር ይመለከታቸዋል፤ አእምሮ ይደክማል በማለት በአንድ ጊዜ ከሩብ ሰዓት በላይ አያጠናም። ሦስት መቶ ያህል ቃል እንደ ያዘም ወዲያው ቀላል መጽሐፍ ማንበብ ይጀምርና፣ ሊያስታውሰው በሚፈልገው ቃል ሥር እያሰመረ በየቀኑ ይመለስበታል።

ከእርሱም በኋላ ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ በልዩ ልዩ ቀን ተከፋፍሎ የሚደገም ነገር በአንድ ጊዜ ከተከመረው ይልቅ በአእምሮ እንደሚጸና አሳይቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ ሃምሳ ቃልም ለአንድ ሌሊት ሸክም፣ ለአሥር ቀን ግን ጌጥ ነው።

«ከየትኛው ቃል እንጀምር?» ለሚለን ተማሪም መልስ አለን። አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒው ዚላንድ መምህርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ያወጡት ዝርዝር፣ በልዩ ልዩ የትምህርት ዓይነቶች መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር የሚመላለሱ 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል፤ እነዚህም በከፍተኛ ትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ከሚገኘው ቃል አንድ አሥረኛ ያህሉን ይሸፍናሉ። «አናላይዝ» እና «ኢቫሉዌት» የመሳሰሉት ከዚህ ውስጥ ናቸው። በቀን አምስት ቢያዝ ዝርዝሩ ከአራት ወር በታች ያልቃል። እንግዲህ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ የሚያጋጥመውን እንግዳ ቃል ከማሳደድ፣ በየገጹ የሚጠብቀንን መያዝ ይሻላል።

ደግሞም ባዕድ መስሎ የሚታየው ቃል ሁሉ ባዕድ አይደለም። አረብኛ የቀመሰ የሐረር ተማሪ «ማጋዚን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የ«መጋዘን» ወንድም መሆኑን፣ «አድሚራል» የጥንቶቹ የሐረር ገዢዎች ይጠሩበት ከነበረው «አሚር» ጋር አንድ ሥር እንዳለው፣ «ሲቬት»ም አገራችን ከጥንት ጀምሮ ለውጭ ገበያ ስትልከው ከኖረችው «ዝባድ» መውጣቱን ቢረዳ፣ ቃሉ እንደ ዘመድ ይቀርበዋል እንጂ እንደ እንግዳ አይሸሸውም።

በመጨረሻ ለወጣት ሹማምንቶቻችን የምንለው አለን። ሐረሪና ኦሮምኛ የሥራ ቋንቋ በሆኑበት ክልል፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደብዳቤም በአማርኛ በሚመጣበት ከተማ፣ እንግሊዝኛ ያነበበ ወጣት ሥራው ግማሽ አስተርጓሚነት ነው። ስለዚህ ቃሉን ማወቁን የሚፈትነው መዝገበ ቃላቱን በመጥቀስ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ላልገባች እናቱ በቤቱ ቋንቋ ማስረዳት መቻሉን በመመልከት ነው። ማስረዳት ካልቻለ ቃሉን በአፉ ይዞታል እንጂ ገና በልቡ አልያዘውም።

ወጣቶች ሆይ፣ ኪሳችሁ ትንሽ ደብተር አይጣ፤ ከቃሉ አጠገብም ሁልጊዜ የተነገረበትን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ከፍ ያለውን ቃል እወቁት፤ በሚያስፈልግበት ስፍራም ሳትፈሩ ተናገሩት። ባለጉዳዩ ፊታችሁ ሲቆም ግን በሚገባው ቃል ንገሩት፤ ትልቁ ዕውቀት ይህ ነውና።