ያልተለካ ጭስ፣ ያልተጠየቀ ሹም

የተከበራችሁ የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎ፣ የነጆ፣ የሻምቡና የሌሎችም የወለጋ ከተሞች ነዋሪዎች፤

በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት ብዙ ይባላል። ስለምንተነፍሰው አየር የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም። ጭሱን ለምደነዋል። ማጀት ያለ ጭስ፣ ከተማ ያለ አቧራ አይሆንም ብለን ተቀብለን ኖረናል። ፓርቲያችን ጉዳዩን በዚህ ማኒፌስቶ ውስጥ ያስገባው የአየር ጥያቄ የሕይወትም የመብትም ጥያቄ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው።

ከጤናው እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው የውጭና የቤት ውስጥ አየር ብክለት በአንድነት በዓመት ወደ 6.7 ሚሊዮን ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው ለሞት ይዳርጋል። ዋነኛው ገዳይ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት በ30 እጥፍ ገደማ የሚቀጥን ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይዘልቃል፤ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ የልብ ድካም፣ ስትሮክና ካንሰር ያስከትላል። ነፍሰ ጡር እናት ክብደቱ ያነሰ ልጅ እንድትወልድም ያደርጋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል።

ወደ እኛ ከተሞች እንምጣ። ነቀምቴ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከጊምቢና ከአሶሳ፣ ከበደሌና ከጅማ፣ ከቡሬም የሚመጣው የጭነት መኪና ይገናኝባታል። የከባድ መኪናው ጥቁር ጭስ፣ የባጃጁ ጋዝ፣ ከጠጠር መንገዱ የሚነሣው አቧራ፣ መብራት ሲጠፋ የሚንደቀደቀው ጄኔሬተር፣ ከቆሻሻ ጋር የሚቃጠለው ፌስታል፣ የቡና መፈልፈያው ብናኝ ሁሉም ተደማምሮ ወደ ነዋሪው ሳንባ ይገባል። መናኸሪያ ደጃፍ ተቀምጣ ቆሎ የምትሸጠው እናትና ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውለው ትራፊክ ፖሊስ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጣራችን ሥር ያለው ነው። በአገራችን ከ10 ቤተሰቦች 9ኙ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ነው። እንጀራ ጋግራ፣ ጠላና አረቄ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት፣ ያዘለችው ሕፃንም ጭምር፣ በየቀኑ ለሰዓታት ጭስ ይተነፍሳሉ። በግጭት ምክንያት ከቀያቸው ተፈናቅለው በጠባብ መጠለያና በኪራይ ክፍል የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚተኙትና የሚያበስሉት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ይህ የሆነው ወለጋ የኃይል ምንጭ አጥታ አይደለም። የፊንጫ ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአገር ብርሃን ሰጥቷል። የአመርቲ ነሼ ማመንጫም ተጨምሮበታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንግዲህ «ኃይል የለም» የሚለው ምክንያት አይሠራም። የጎደለው የሰፈሩን ምጣድ መሸከም የሚችል ትራንስፎርመርና ደሃዋ እናት ምጣዱን የምትገዛበት ብድር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ድንጋጌው መልካም ነው። ነገር ግን በፍርድ ቤት የሚያስረዳው ከሳሽ ነው። በምን ያስረዳ? የነቀምቴ ነዋሪ በአደባባይ የሚያነበው የአየር ጥራት ቁጥር የለውም። በአዲስ አበባ እንኳ ሕዝቡ ለዓመታት በሰፊው ይከታተለው የነበረው በአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያ የተለካውን ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የኤምባሲዎቹን መረጃ ማሠራጨት ሲያቆም ያም ቀረ። የአገሩን አየር ለሌላ ያስለካ መንግሥት ለዜጋው ምን መልስ ይሰጣል? የፌዴራሉ መሥሪያ ቤትም ከባለሥልጣን ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ኮሚሽን፣ ከኮሚሽን መልሶ ወደ ባለሥልጣን ስሙ ሲቀያየር ኖሯል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ካልተለካ ማስረጃ የለም፤ ማስረጃ ከሌለ ተጠያቂ የለም።

ስለዚህ ፓርቲያችን የምክር ቤት መቀመጫ ሲያገኝ ለሚከተሉት በጀትና ሕግ እንዲወጣላቸው ይታገላል፤

1. በነቀምቴ መናኸሪያ፣ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት አካባቢ፣ ቀጥሎም በሌሎቹ ከተሞች የአየር መለኪያ እንዲተከል፤ ውጤቱም በየወሩ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እንዲለጠፍ።

2. ለኤሌክትሪክ ምጣድ ያለ ዋስትና የረጅም ጊዜ ብድር እንዲሰጥ፤ መስመር ላልደረሳቸውና ለተፈናቃዮች ጭስና ማገዶ የሚቀንሱ ምድጃዎች እንዲታደሉ።

3. ተሽከርካሪ ቦሎ ሲያወጣ ጭሱ በእርግጥ እንዲመረመር፤ ከባድ መኪና ከመኖሪያ ሰፈር ውጭ የሚያልፍበት መንገድ እንዲሠራ።

4. ቆሻሻ በወቅቱ እንዲነሣ፤ ወፍጮና የቡና መፈልፈያ ከትምህርት ቤት እንዲርቅ፣ ብናኝ መያዣም እንዲኖረው።

5. ጤና ተቋማት በሳንባ ምች የሚመጣ ሕፃን ቤት ምን እንደሚነድ እንዲመዘግቡ፤ ድምሩ በየዓመቱ ለምክር ቤት እንዲቀርብ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉን፣ አነስተኛ የአየር መለኪያ ዋጋው ለአንድ ኃላፊ ከሚገዛ ላንድ ክሩዘር ጋር እንደማይወዳደር እናስታውሳለን። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንናገር። ከሰል ሻጯን ማሳደድና የባጃጅ ነጂውን እንጀራ መንጠቅ የእኛ መንገድ አይደለም። አማራጭ ሳይሰጡ መከልከል ደሃን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው።

ውድ መራጮች፣ ድምፃችሁን ሊጠይቅ የሚመጣን ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ «የከተማችን አየር ስንት ነው? ማን ለካው? ከሚፈቀደው በላይ ሲሆን ማን ይጠየቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ለሌለው ድምፅ አትስጡ።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ