ልጅ ለማሳደግ ሥራን ስለ መልቀቅ

ልጅ ሀብት መሆኑን የማይናገር ሰው የለም፤ ልጁን ለማሳደግ እናቲቱ የተወችውን ነገር የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው።

በቅርቡ በቁይ አንዲት ወጣት እናት አቤቱታ እንጽፍላት ዘንድ ወደ እኛ መጥታ ነበር። በደብረ ማርቆስ በአንድ የግል ድርጅት 4 ዓመት ከመንፈቅ በሒሳብ ሥራ ካገለገለች በኋላ፥ የበኵር ልጇ በተወለደ ጊዜ በገዛ ፈቃዷ ለቃ ቤቷ ገባች። ልጁ 3 ዓመት ሞልቶት ወደ ሥራዋ ልትመለስ ብትሻ፥ ቦታዋን ሌላ ሰው ይዞት አገኘች። በጀርመን የምትኖር እኅቷ በዚያ አገር ሥራ ላጣ ሰው ገንዘብ እንደሚሰጥ ነግራት ኖሮ፥ «ጋሼ፥ እኔስ ማንን ልጠይቅ?» አለችን።

እውነቱን መንገር ከበደን። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፍል መድን ገና አልተቋቋመም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሚያውቀው የስንብት ክፍያን ነው፤ ይኸውም አሠሪው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፍለው ነው። በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ ይህን ለማግኘት ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገል አለበት። ልኩም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፥ ከዚያ ወዲያ ለያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሢሶ ነው፤ 5 ዓመት ላገለገለ የ70 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ከውል መቋረጥ የሚነሣ የክፍያ ጥያቄም በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ቀሪ ይሆናል። ያች እናት የለቀቀችው 6 ወር ሲቀራት ነው፤ የጠየቀችውም ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

በጀርመን ግን አስቀድሞ በመድኑ ውስጥ የነበረ ወላጅ፥ ልጁ 3 ዓመት እስኪሞላው ያሳደገበት ጊዜ መድን እንደ ተከፈለበት ይቈጠርለታል። ሁሉም አገር እንዲህ አይደለም፤ በአሜሪካ የሚታየው የቅርብ ጊዜ ደመወዝ ስለ ሆነ፥ ዓመታት በቤት የቈየች እናት ብዙ ጊዜ ምንም አታገኝም።

እንግዲህ ሥራ ለመልቀቅ የምታስቡ ወላጆች ሆይ፥ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፥ ሕጉ ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድም በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ዕረፍት ይሰጣታልና ይህ ሳያልቅ አትቸኵሉ። ሁለተኛ፥ የአገልግሎት ዘመናችሁን በቀን ቍጠሩ፤ ጥቂት ወራት መታገሥ ብዙ ይጠቅማል። ሦስተኛ፥ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፥ ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የአገልግሎት ማስረጃ ያለ ዋጋ የመስጠት ግዴታ አለበትና ሳትቀበሉ አትውጡ።

ባሎችም ይህን እወቁ። በጋብቻ ውስጥ የሚገኝ ደመወዝ በቤተሰብ ሕግ የጋራ ሀብት ነው፤ ሚስት ቤት ስለ ዋለች ተመጽዋች አይደለችም። በሹመት ላይ ያላችሁም፥ ሠራተኛ ስትመርጡ ልጅ በማሳደግ ያለፈውን ዘመን እንደ ስንፍና አትቍጠሩት።

ያችን እናት ባዶ እጇን አልሸኘናትም። በአቤቱታው ፈንታ ለቀድሞ አሠሪዋ የአገልግሎት ማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ጻፍንላት። ልጇን አዝላ ደብዳቤውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትወጣ አይተን፥ ይህን ምክር ቀደም ብላ ሰምታው ቢሆን ኖሮ ብለን አዘንን፤ ስለዚህም ለሌሎች ጻፍነው።