የአራሷ ቀን

ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ እስራኤል፣ ሀዳር ሰፈር፣ በልጄ መዋዕለ ሕፃናት አምስተኛ ዓመቱን አከበርንለት። እንደ አገሩ ልማድ የአበባ ዘውድ ደፋ፤ በወንበር ተቀምጦ አምስት ጊዜ ወደ ላይ አነሳነው፣ ስድስተኛውን ለከርሞ። መምህሯ ወደ እናቴ ዞራ፣ «ሳቭታ (አያቴ)፣ ያንቺስ ልደት መቼ ነው?» አለቻት። ተረጎምኩላት።

«ጣሊያን ከጎንደር በወጣ በአሥረኛው ዓመት፣ በሲግድ በዓል ማግሥት» አለች፣ ሳታመነታ።

ክው አልኩ። መታወቂያዋ ላይ ዓመቱ ብቻ ነው ያለው፤ በቀኑና በወሩ ቦታ ዜሮ ተደርድሯል። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲገባ፣ መዝጋቢው የጠየቃት ቁጥር ነበር። እሷ ያላት ቀን ነው። እኔም ልጇ፣ ፊደል የቆጠርኩት፣ በዜሮው አምኜ ከ30 ዓመት በላይ ኖርኩ። አጎቴ ደግሞ በሐበሻ አቆጣጠር ለመዝጋቢው የነገረው ዓመት እንዳለ ተጽፎበት በአንድ ጀምበር ስምንት ዓመት አርጅቷል።

ማታ ቡና አፍልታ ስታወጋኝ፣ በእነሱ የቤተ እስራኤል መንደር ልደት የእናትየዋ እንደነበር ገባኝ። ሴቶቹ ለወንድ 12፣ ለሴት 9 ጊዜ እልል ይላሉ። ወንዱ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። አራሷ ግን ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ከቤቷ ርቃ በጎጆ ትቆያለች፤ ምግቧን ሴቶች እየሠሩ ያመጡላታል። ቀኑ ሲሞላ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ወንዝ ወርዳ ታጥባ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ቤቷ ትገባለች፤ ቄሱ መጽሐፈ አርድዕትን ያነባል፣ ድግሱም ያኔ ነው። ጎጆውን አልመኘውም፤ እናቴም ብርዱን አልረሳችውም። ዳሩ ግን እኛ በ13 ዓመት ባር ሚጽቫ አዳራሽ ተከራይተን፣ ለኬክና ለፎቶ ተበድረን ስናከብር፣ ማን አማጠች፣ ማንስ አረሳት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህ ያመኛል። በልጄ ልደት ጠዋት ያነሳነውን ፎቶ ሁሉ አገላብጬ አየሁት፤ እናቴ ከአንዱም ላይ የለችም።

ልጄ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ቆይቶ፣ «እማዬ ስትወለድ ስንት እልል አሉ?» አላት።

«ዘጠኝ።»

«ለእኔስ?»

የተወለደው ሆስፒታል ነው፤ ማንም እልል አላለም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ጀመረች። ልጄ በጣቱ ይቆጥራል። ሰባት ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት። ከታች ፎቅ ያለችው ዐረብ ጎረቤታችን ምን እንደተገኘ ሳትጠይቅ በራሷ እልልታ ተቀበለቻት፤ ስምንተኛውን።