የጉበት ነቀርሳና በዘር ጽሑፋችን ላይ የሚቀመጠው ምልክት

በአንድ ቤት ጽኑ ሕመም በገባ ጊዜ ቤተ ዘመዱ ለሐኪሙ የሚያቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው «ሕመሙ ምንድን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይድናል ወይስ አይድንም?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሕክምና ጥበብ ብዙውን ጊዜ መልስ ያገኛል። ሁለተኛው ግን፣ ይልቁንም በጉበት ነቀርሳ ማለት በጉበት ካንሰር ላይ፣ ሐኪሞችን ሲያስቸግር ኖሯል። በሁለት ሰዎች ጉበት ላይ መጠኑ የተካከለ እባጭ ይገኝና ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቀዶ ጥገና ይታከማሉ። ከዚያ በኋላ አንደኛው ብዙ ዓመት በጤና ሲኖር፣ በሁለተኛው ላይ ግን በሽታው ሳይቆይ ተመልሶ ይነሣበታል። የዚህን ልዩነት ምክንያት ለማወቅ ሊቃውንት ከሚመረምሯቸው ነገሮች አንዱ የዛሬው አርእስታችን ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከአማርኛ ቋንቋ አንድ ምሳሌ እንወስዳለን። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደላቱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው። ስለዚህ አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ለተማሪው መንገድ ለማሳየት በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያኖራሉ።

በሰውነታችንም ውስጥ ይህን የሚመስል ሥራ ይሠራል። በሕዋሳታችን ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለ የዘር ጽሑፍ አለ፤ የተጻፈውም በአራት ፊደላት ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ ሳይቶሲን ይባላል። በዚህ ፊደል ላይ ሜቲል የምትባል፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ትንሽ ቅንጣት እንደ ነጥብ ትቀመጣለች። ይህ አቀማመጥ ሜቲሌሽን ይባላል። ነጥቧ ፊደሉን በሌላ ፊደል አትተካውም፤ ነገር ግን በአንድ የዘር ትእዛዝ መነሻ ላይ ነጥቦቹ ሲበዙ፣ ትእዛዙ ሳይነበብ ዝም ብሎ ይቀራል። የጉበት ሕዋስና የቆዳ ሕዋስ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው ሳለ ሥራቸው የተለያየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከትእዛዞቹ መካከል ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዳይባዙ የሚከለክሉ አሉ፤ እነዚህን በመኪና ፍሬን ልንመስላቸው እንችላለን። ነጥቦቹ ያለ ቦታቸው ተከማችተው ፍሬኑን ዝም ባሰኙት ጊዜ ሕዋሱ ያለ ገደብ ሊባዛ ይችላል። ፒ16 የተባለው ከልካይ በብዙ የጉበት ነቀርሳዎች ውስጥ በዚህ ዓይነት ዝም ተሰኝቶ ተገኝቷል። ደግሞም በሌላ በኩል፣ በቦታቸው መኖር የሚገባቸው ነጥቦች ሊጠፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፋይንበርግና ቮግልስታይን የተባሉት የአሜሪካ ሊቃውንት በነቀርሳ ሕዋሳት ውስጥ ነጥቦቹ ጎድለው መገኘታቸውን አስታውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት የጉበት ነቀርሳቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸውን 304 ሕሙማን የሚመለከት ነበር። መርማሪዎቹ በመጀመሪያ የ221ዱን እባጭ መርምረው፣ የታማሚውን የወደፊት ዕድል ለመገመት የሚረዱ 36 ነጥቦችን ለዩ። ቀጥለውም ግምታቸው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ በቀሩት በ83ቱ ሕሙማን ላይ ፈተኑት። በዚህም ሥራ ዕድሜያቸው ሊያጥር የሚያሰጋቸውን ከሌሎቹ ለመለየት ተችሏል። ከዚህም ሌላ የሚሞቱ የእባጭ ሕዋሳት የዘር ጽሑፋቸውን ቁራጭ ከነነጥቡ ወደ ደም ስለሚለቁት፣ ይህንኑ ምልክት ከክንድ በሚቀዳ ጥቂት ደም ውስጥ ለማንበብ ብዙ ምርምር ይካሄዳል።

ይሁን እንጂ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። እንዲህ ያለው ምልክት የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች በአንድነት ነው እንጂ፣ በአንድ ሰው ላይ ቀን ቈርጦ ፍርድ አይሰጥም። አደጋው ከፍ ያለ ነው የተባለ ሕመምተኛ ረጅም ዘመን ሊኖር ይችላል፤ ዝቅ ያለ ነው የተባለውም ሊታለል አይገባውም። የምልክቱ ጥቅም ሐኪሙ ማንን ቶሎ ቶሎ መመርመር እንደሚገባው ለማመልከት ነው። እስከ ዛሬም ድረስ ይህ ምርመራ በየሆስፒታሉ የዘወትር ሥራ አልሆነም። ሐኪሞች የሚመለከቱት በይበልጥ የእባጩን ቍጥርና መጠን፣ ከጉበቱ የቀረውን ኀይልና የሕመምተኛውን አቅም ነው። ስለዚህ ቤተ ዘመድ «ምልክቱ ክፉ ነው» የሚል ወሬ ሰምቶ ሕመምተኛውን ከሕክምና ማስቀረት ታላቅ በደል ነው።

ደግሞም ከላይ የጠቀስነው ጥናት የተደረገው በቀዶ ጥገና በታከሙ ሰዎች ላይ መሆኑን እናስታውስ። ቀዶ ጥገና የሚሆነው በሽታው ሳይስፋፋ ለደረሰ ሰው ነው። የጉበት ነቀርሳ ግን በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሕመም አያሰማም። ሆድ ካበጠና ዓይን ብጫ ከሆነ በኋላ፣ «የወፍ በሽታ ነው» እየተባለ በቤት ውስጥ ሲታሽ ለቈየ ሰው ግን እጅግ የተራቀቀው ምርመራ እንኳ የሚሰጠው ምርጫ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ750 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በጉበት ነቀርሳ እንደሞቱ ይገመታል።

ስለዚህ ምልክቱን ከማንበብ በፊት በሽታውን የሚያመጡትን ነገሮች መከላከል ይቀድማል። የመጀመሪያው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በሕፃንነት ዕድሜ የያዘው ሰው ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ዘላቂ በሽተኛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት እንዲያገኝ ይመክራል። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ሕፃናትን መከተብ ከጀመረች በኋላ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ነቀርሳ መቀነሱ በጥናት ተረጋግጧል።

ሁለተኛው በእርጥብ እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። ይህ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያወጣል። መርዙ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የዘሩን ፊደል ራሱን ሊለውጥ ይችላል። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። እነዚህን የገደላቸው ብዛት ያለው መርዝ ነበር፤ በጥቂት በጥቂቱ ለብዙ ዓመታት የተበላ እንደሆነ ግን ለጉበት ነቀርሳ ያጋልጣል። ስለዚህ በቆሎንና ለውዝን በሚገባ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ማኖር ይገባል። የሻገተውንም «ታጥቦ ይበላል» ማለት አይገባም፤ መርዙ በማጠብና በመቀቀል ተጠርጎ አይጠፋምና።

ሦስተኛው ከመጠን ያለፈ የአልኮል መጠጥ ነው። ሄፓታይተስ ሲ የተባለው ቫይረስና በጉበት ላይ የሚከማቸው ስብም ከዚህ ይቈጠራሉ።

እንግዲህ የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች የሆኑ ሁሉ ከሊቃውንቱ ሥራ ድርሻቸውን ቢወስዱ መልካም ነው። ሊቃውንቱ በዘር ጽሑፍ ላይ የተቀመጠውን ነጥብ ማንበብ ይማሩ፤ እኛም ሕፃናቱን በጊዜው እናስከትብ፤ ጎተራችንን እናድርቅ። ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት የታወቀ ዘመድ ያለንም እንደሆነ፣ ሐኪም በሚወስነው ጊዜ ሁሉ፣ ለብዙዎቹም በየስድስት ወሩ፣ ጉበቱን በአልትራሳውንድ እንዲታይ እናግዘው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለዚህም በሽታ የሚስማማ ምክር ነው።